ሶፋ ያለበሰ እጅ ገላንም ያልብስ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ልብስ ነው፤ ቤት ውስጥ በኪሮሽ ስለሚሠራ፣ ሳሳ ስላለና አየር ስለሚያስገባ የሴት ሹራብ። «በቆላማዋ ቦርደዴ ደግሞ ሹራብ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ ወደ ሐረርጌ የሚያቀና መንገደኛ እዚህ ሲደርስ የደረበውን ያወልቃል እንጂ አይጨምርበትም። ይሁን እንጂ የእኛ ኑሮ በቆላው ብቻ የተወሰነ አይደለም። ረፋድ ላይ እዚህ ላብ ሲያጠምቃት የነበረች ነጋዴ ሚኤሶን አልፋ አቀበቱን ትወጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ግድም ከፍታ ካላት ጭሮ ስትደርስ፣ ማምሻውን ብርዱ ትከሻዋን ይይዛታል። ከዚያም አልፋ ወደ ቁኒ ከወጣች ይብስባታል። በአንድ ቀን ሁለት አየር የሚፈራረቅብን ሰዎች ነን። ለእንዲህ ዓይነት ኑሮ ከወፍራም ጃኬት ይልቅ፣ በቆላው ገላን የሚያናፍስ፣ ደጋው ላይ ደግሞ ከነጠላ ወይም ከሻሽ ሥር ሲለበስ በቀዳዳዎቹ መካከል ሞቃት አየር አምቆ የሚይዝ ስስ ሹራብ ይሻላል።

አሁን የምንለብሰውስ ምንድን ነው? አብዛኛው ከቦንዳ፣ ከባሕር ማዶ ልባሽ ክምር፣ የወጣ ነው። ቦንዳን አልነቅፍም፤ ስንቱን ልጅ አልብሶ ትምህርት ቤት ልኳል። ነገር ግን ከዚያ ክምር ውስጥ የሚገኘው ሹራብ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለአውሮፓ ክረምት ነው፤ ክሩም አክሪሊክ የሚባለው ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ጥጥ እንዲሁ ተቀምጦ እንኳ ከአየሩ የክብደቱን ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ አክሪሊክ የሚይዘው 2 በመቶ ግድም ቢሆን ነው። ላባችንን የማይጠጣ ልብስ በዚህ ሙቀት ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ይሸታል፣ ሕፃን ለምታጠባ እናት ደግሞ ሥቃይ ነው።

እስቲ አሁን ቤታችንን በዓይነ ኅሊናችን እንዙረው። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። የቡፌው መደርደሪያ፣ የአልጋው ራስጌ፣ ጠረጴዛው፣ አንዳንድ ቤትማ ማቀዝቀዣው ሳይቀር ለብሷል። ይህን ሁሉ የሠራው የማን እጅ ነው? የእናንተ ነው፤ የእናቶቻችሁም ነው። የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች በአገራችን ከተከፈቱበት ጊዜ አንስቶ ስፌትና የእጅ ሥራ ከፊደል ጎን ለጎን ሲሰጥ ኖሯል፤ በኋላም የባልትና ትምህርት እየተባለ ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ ኪሮሽ ይዘናል። ያልተማረችውም ከጎረቤት፣ ከአክስት፣ ከታላቅ እህት አየች። ልጅቷ ስትታጭ የአልጋ ልብሱ በኪሮሽ ካልተሠራ የሙሽራዋ ዕቃ የጎደለ የሚመስላቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

እኔ በዚህ ሥራ ከልብ እኮራለሁ። የማዝንበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ብልሃት ያረፈው ዕቃ ላይ ነው። ዓይኗን አፍዝዛ ለጠረጴዛ የሠራች ሴት ራሷ የምትለብሰውን ከቦንዳ ትለቅማለች። ጠረጴዛ አይሞቀውም፣ አይበርደውም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያ እጅ ወደ ገላ እንዲዞር ለመለመን ነው።

ደግሞም ለገላ የሚሆን ኪሮሽ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በዚህ በምሥራቁ ክፍል ወንዶች በኪሮሽ የተሠራ ኮፍያ ሲደፉ እናያለን፤ ነፋሻ ነው፣ ይታጠባል፣ ቅርፁን አይለቅም። ለራስ የሆነው ለትከሻ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ድሪያ ለምትለብሱም ከላይ የሚደረብ፣ ክንዱ ረጅም የሆነ፣ ከስሩ ካናቴራ የሚያስለብስ አድርጎ መሥራት ይቻላል። አለባበሳችሁን ለውጡ አላልኩም፤ ከአለባበሳችሁ ጋር የሚሄደውን ሥሩ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በመርፌ የሚሠራ ሹራብ በማሽንም ይሠራል፣ ጨርቅ በማሽን ይሸመናል፣ ጥልፍም በማሽን ይጠለፋል። ኪሮሽን ግን አስመስሎ እንጂ እንደ እጅ አድርጎ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አልዋለም። በሹራብ ሥራ ላይ ዓይኖቹ፣ ማለትም የክሩ ቀለበቶች፣ በሙሉ በረድፍ መርፌ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ማሽን ይህን ይወዳል። በኪሮሽ ግን በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ወይም ጥቂት ቀለበት ነው፤ ኪሮሹ ወደፈለገበት ይገባል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ጎን ይዞራል። ስለዚህ በዓለም ላይ በየትኛውም ሱቅ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ ቁጭ ብሎ ዓይን በዓይን የሠራው ነው። እናንተ የያዛችሁት ሙያ ፋብሪካ ያልነጠቃችሁ ነው።

ወደ ክሩ ልምጣ፤ ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ነውና።

የጥጡ ማሳ ሩቅ አይደለም። ከእኛ በስተሰሜን፣ አሚባራ ውስጥ፣ በአዋሽ ወንዝ ውሃ ጥጥ ሲለማ ኖሯል፤ ወረር ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጥጥ ላይ ሲመራመር የቆየ ነው። በባቡሩ መስመር ወደ ምሥራቅ ብንሄድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የከተማው ሰው ኮተኒ እያለ የሚጠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመባት ድሬዳዋ አለች። በጥጥ ማሳና በጥጥ ፋብሪካ ከተማ መካከል ተቀምጠን ላስቲክ መልበሳችን ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝን ያህል ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ለሽመና የሚሸጠው ድር ለኪሮሽ እንዳለ አይሆንም። ነጠላና ቀጭን ነው፤ ለብቻው ሲሠራ ይበጠሳል። ሁለት ሦስቱን ወይም አራቱን አንድ ላይ ይዞ በእንዝርት ጠበቅ አድርጎ መግመድ ያስፈልጋል። እንዝርት የያዘች እናት እቤት ካለች ይህ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው። በእጅ የተፈተለው ማግ ደግሞ እጅግ ለስላሳ ቢሆንም ላላ ስለሚል ኪሮሹ መሐሉን እየሰነጠቀ ያስቸግራል።

ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ። የጣት ያህል ክር ቁረጡና ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተርፈው በጣት ሲነካ የሚበንን አመድ ነው። አክሪሊክ ከሆነ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይቀራል፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፍሬውን ወዲያው በእጃችሁ አትንኩ፤ ያጣብቃል፣ ያቃጥላል።

የምትገዙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ። ለመካከለኛ ሰውነት፣ ክንዱ አጭር ለሆነ ስስ ሹራብ ከ250 እስከ 350 ግራም ጥጥ ይበቃል፤ ጥቅሉ 50 ግራም ከሆነ ከአምስት እስከ ሰባት ጥቅል ማለት ነው። መጠቅለያው ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ ክሩ የተነከረበትን ዙር የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። አዲስ አበባ ያለች ሴት ክር ቢያልቅባት ነገ መርካቶ ትወርዳለች። ከዚህ ተነስታ ጭሮ ወይም ድሬዳዋ ድረስ ሄዳ የምትገዛ ሴት ግን በግማሽ ክር ተመልሳ ያንኑ ቀለም አታገኘውም፤ ቢገኝም ክንዱ ከደረቱ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ላይ ያስታውቃል።

ገንዘብ ያጠራት ደግሞ ከቦንዳው ክምር ውስጥ የጥጥ ሹራብ መርጣ መተርተር ትችላለች። መምረጫው ምልክት የጎኑ ስፌት ነው። ሹራቡን ገልብጡና ስፌቱን እዩ። ሁለቱ ጨርቆች ጠርዛቸው ሳይቆረጥ በሰንሰለት ስፌት ብቻ ከተያያዙ ስፌቱ ይፈታል፣ ክሩም ሳይቆራረጥ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። ጠርዙ ተቆርጦ በወፍራም ዚግዛግ ከተዘጋ ግን ተዉት፤ በየረድፉ የተቆራረጠ አጭር አጭር ክር ነው የሚተርፋችሁ። የተተረተረውን ክር በወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙ፣ አራት ቦታ እሰሩ፣ እጠቡ፣ ጥላ ላይ ስቀሉ። ሲደርቅ መጨማደዱና ጥምዝምዙ ይለቃል፤ ከአዲስ ክር አይተናነስም።

አሁን ሥራውን እንጀምር። ስስ ልብስ ለመሥራት የመጀመሪያው ምሥጢር የኪሮሹ ውፍረት ነው። ለጠረጴዛ ዳንቴል የለመደ እጅ ቀጭን ኪሮሽ ይወዳል፣ ያጠብቃል። ያ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ተብሎ ነው፤ ገላ ላይ ግን እንደ ሰሌን ይቆማል። ክሩ 2 ሚሊሜትር ተኩል ወይም 3 ሚሊሜትር ኪሮሽ የሚፈልግ ከሆነ እናንተ 3 ተኩል ወይም 4 ያዙ። እጃችሁን አላሉት። ጨርቁ ከትከሻ ላይ ፈሰስ ሲል ታያላችሁ።

ቀጥሎ ናሙና ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሚያልቅበት ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ያለ ናሙና የተጀመረ ልብስ ልክ የሚሆነው በዕድል ነው እላለሁ። በአራቱም ጎን 12 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ሥሩ። እጠቡት፣ አድርቁት። ከዚያ መሐሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ለኩና ስንት ዓይን፣ ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ። 20 ዓይንና 10 ረድፍ አገኛችሁ እንበል። አንድ ሳንቲሜትር ወደ ጎን ሁለት ዓይን፣ ወደ ላይ አንድ ረድፍ ማለት ነው። የባለቤቷ ደረት ዙሪያ 92 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ነፋስ እንዲገባ 8 ሳንቲሜትር ጨምሩለት፤ 100 ይሆናል። የፊቱ ገጽ 50፣ የጀርባው 50። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ 100 ዓይን ስፋት ይኖረዋል። ርዝመቱ 55 ሳንቲሜትር ከሆነ 55 ረድፍ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ንድፍ ከውጭ መጽሔት መቅዳት አያስፈልግም። ሴትየዋ ከፊታችሁ ቆማለች፣ ሜትሩ በእጃችሁ ነው።

መነሻውን ሰንሰለት ከሌላው አንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ሥሩት፤ ካልሆነ ታችኛው ጠርዝ ይሰበሰብና ልብሱ ወገብ ላይ ይታነቃል። ከደረት በታች ያለው ወንፊት ይሁን፤ አንድ ደብል፣ ማለትም ክሩ አንዴ ኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራው፣ ቀጥሎ አንድ ሰንሰለት፣ ከታች አንድ ዓይን መዝለል፣ ከዚያ እንደገና ደብል። ከደረት በላይ ዓይን ሳይዘለል ደብል በደብል ደፈን ይደረጋል። ናሙናው ላይ ሁለቱንም ሞክሩ፤ የአንዳንድ ሰው እጅ ወንፊቱ ላይ ይሰፋል።

ረድፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ሦስት ሰንሰለት ሠርታችሁ ትዞራላችሁ። ያ ሦስት ሰንሰለት እንደ አንድ ደብል ይቆጠራል። እዚህች ቦታ ላይ ልብ በሉ። ረድፉን ስትጨርሱ የመጨረሻው ዓይን የሚገባው በዚያ ባለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ ነው፤ ትንሽ፣ ወደ ጎን ዘመም ያለና ተደብቆ የሚቀመጥ ነው። እሱን የዘለለች ሴት በየረድፉ አንድ ዓይን ታጣለች፤ ሃያ ረድፍ ስትደርስ ጨርቋ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ታገኘዋለች፣ ምክንያቱም አይገባትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር እዚያ አናት ላይ አስሩና ረድፉን በጨረሳችሁ ቁጥር ወደ ላይ አንሡት።

የጀርባው ገጽ ቀጥ ብሎ 55 ረድፍ ይሄዳል። የፊቱ ገጽ 47ኛው ረድፍ ካለቀ በኋላ ይከፈላል። 100 ዓይኑን ለሦስት እንከፍለዋለን፦ ለአንዱ ትከሻ 26፣ ለአንገት 48፣ ለሌላው ትከሻ 26። የመሐሉን ትተን ሁለቱን ትከሻዎች ለየብቻ ስምንት ስምንት ረድፍ ወደ ላይ እናሳድጋቸዋለን። አራት ማዕዘን አንገት ወጣ። ትከሻ ከትከሻ፣ ጎን ከጎን ከውስጥ በኩል በኪሮሹ ራሱ ይጋጠማል፤ ለክንዱ ከትከሻ ወደ ታች 20 ሳንቲሜትር ክፍት ይተዋል። በዚያ ክፍት ዙሪያ 80 ዓይን አንሥቶ እየዞሩ መሥራት ነው፤ አጭር ክንድ ከተፈለገ ክርን ሳይደርስ ይቆማል፣ ረጅም ከተፈለገ ወደ አንጓው ሲጠጋ ጥቂት በጥቂት ይቀነሳል። አንገቱን በመጨረሻ ጠበቅ ባለ አጭር ዓይን ዙሩት፤ የጥጥ ልብስ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚሳብ አንገቱ ካልተያዘ ከትከሻ ይወርዳል። የክር ጫፎችን ስትቆርጡ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር አስቀሩ፣ በመርፌ ወዲህም ወዲያም መልሳችሁ ቅበሩ።

ስለ አጠባው አጭር ነገር፦ አትጭመቁት፣ ገመድ ላይም አትስቀሉት። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከተሰቀለ ልብሱ ወደ ጉልበት ይረዝማል። ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ጥላ ውስጥ። የቦርደዴ ፀሐይ በቀለም ላይ ምሕረት የላትም።

ሥራውንም ለአገሩ ሙቀት አመቻቹ። እኩለ ቀን ላይ እጅ ያልባል፣ ኪሮሹ ክሩ ላይ ይይዛል፣ ነጭ ክር ይቆሽሻል። ማለዳና ማምሻ ነው የኪሮሽ ሰዓት። ጥቅሉን ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ክሩን በቀዳዳ አውጡት፤ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚነሣው አቧራ ለነጭ ክር ጠላት ነው።

አሁን ወደ ገበያው ልሻገር። ከዚህ ሩቅ የሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ወደመ፤ ሰው በረሃብ አለቀ፣ አገር ጥሎ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ ኮርክ አጠገብ ብላክሮክ በሚባል ስፍራ የነበሩ የኡርሱላይን መነኮሳት ለድሆች ልጃገረዶች የኪሮሽ ዳንቴል ያስተምሩ ነበር። በ1847 ደግሞ ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት ይህንኑ ሙያ አስጀመረች። መሬት የነሣቸውን ቤተሰቦች ኪሮሽ አበላቸው፤ ሥራቸው የአውሮፓ ወይዛዝርት የሚሻሙበት ሆነ። እኔን የሚደንቀኝ ሥራውን የተከፋፈሉበት መንገድ ነው። አንዱ ቤት ጽጌረዳ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው ቅጠል ብቻ፣ ሦስተኛው የወይን ዘለላ። ሁሉም የራሱን ደጋግሞ ስለሚሠራ ይፈጥናል፣ ያጠራል። ከዚያ የሠለጠነች አንዲት ሴት ትሰበስባቸውና መሐሉን በሰንሰለት እየሞላች ልብስ ታደርጋቸዋለች።

ይህ እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ጽጌረዳው ይቅር፤ አንዷ ገጽ ትሥራ፣ አንዷ ክንድ፣ አንዷ አንገትና መገጣጠም። እጇ የላላው ወንፊቱን፣ እጇ የጠበቀው ጠርዙን ትያዝ። አምስት ሴቶች ተሰባስበው አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ኪሮሽ፣ አንድ ዓይነት ናሙና ካላቸው፣ አንዷ ብቻዋን ማታ ማታ ሳምንታት የሚፈጅባትን ልብስ ለበዓል ወይም ለሠርግ ማድረስ ይችላሉ። እቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማደራጀት አይቸገርም።

ዋጋው ላይ ግን እንጠንክር። ዳንቴል ሲሸጥ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በክሩ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ ነው፤ የጉልበቱ ዋጋ አይቆጠርም፣ «እንዲያው ስቀመጥ የሠራሁት ነው» ይባላል። እባካችሁ ይህን ቃል ከአፋችሁ አጥፉት። ቡና ሲፈላ፣ ልጅ ስታጠቡ፣ ሱቅ ስትጠብቁ የተሠራ ሥራ ሥራ ነው። አንድ ደብተር ያዙ። የጀመራችሁበትን ሰዓትና ያቆማችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ልብሱ ሲያልቅ ሰዓቱን ደምሩና በአካባቢያችሁ የቀን ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት በሚያገኘው አባዙት፤ የክሩን ዋጋ ጨምሩበት። የሚወጣው ቁጥር መጀመሪያ ያስደነግጣችኋል፣ ገዢውንም ያስደነግጠዋል። አንዳንዱ ይሄዳል። ሆኖም በልኳ ተለክቶ፣ በመረጠችው ቀለም፣ ማሽን የማይሠራው የጥጥ ልብስ የፈለገች ሴት ትመለሳለች፤ ከቦንዳው ጋር እንድትወዳደሩ ማንም አላስገደዳችሁም።

ለመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ ደግሞ ክሩን ራሳቸው እንዲገዙ፣ ወይም የክሩን ገንዘብ አስቀድመው እንዲከፍሉ አድርጉ። ልኩን ስትወስዱ የደረት ዙሪያ፣ የትከሻ ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ ያለውን ርዝመትና የክንድ ዙሪያ ጻፉ፤ ናሙናውን አሳዩአትና እጇ ላይ ይዛ ትንካው። «ይህን ያህል ስስ ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንፊቱን የማትወድ ካለች ደፈን ያለውን ምረጡላት፤ ክሩ ስለሚጨምር ዋጋውን ያኔውኑ ንገሯት።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ኪሮሽ ይዛችሁ የማታውቁ ደግሞ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በሰንሰለት እንጀምራለን።